በሽር ሁለት ቀን

ከሁሉ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ የምጽፍ ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ካገባሁ በኋላ ነው፤ ያስለየኝም አሁን ስለ እሱ የምጽፈው ባሌ በሽር ነው። ስንት የተማረ ሰው ባለበት፣ እዚህ ሎስ አንጀለስ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ፣ እኔ ብዕር ማንሳቴ ያሳፍረኛል። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። የተጣመመ ነገር ብታገኙ በልባችሁ አቃንታችሁ እለፉት። ግን ስለ በሽር የሚወራውን እሰማለሁ። ሱቅ ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል። እኔ ደግሞ እዚያ ነበርኩ፤ እሱ ያልተናገረውንም አውቃለሁ። ሳብሪያ እባላለሁ።

በሽር የሐይቅ ልጅ ነው፣ ወሎ። ወደዚህ አገር ሲመጣ ባንዴ አልመጣም። መንገዱ ደቡብ አሜሪካ፣ ኢኳዶር ላይ ቆመበትና ኪቶ በሚባለው ከተማ አራት ዓመት ቀረ። መጀመሪያ ቱሪስት የሚያመላልሱ ሚኒባሶች ያጥብ ነበር። ከዚያ ምሳ ተሸካሚ ሆነ፤ ፈረንጆቹ ተራራ ሲወጡ ዳቦና ሻይ ይዞ ከኋላ ይከተላል። በኋላ መንጃ ፈቃድ አወጣና ሾፌር ሆነ። እስፓንኛ የተማረው መኪና ውስጥ ነው፣ አስጎብኚዎቹ ስለ ወፍና ስለ ዛፍ ሲያወሩ እየሰማ። እስከ ዛሬ የወፎቹን ስም በእስፓንኛ አንድ በአንድ ያውቃል፤ በአማርኛ ሲሆን ግን ሁሉንም "ይቺ ትንሿ" ነው የሚላት።

ሎስ አንጀለስ ከገባ ጀምሮ የኤርፖርት ሸትል ድራይቭ ያደርጋል። ኮሪያታውን የሚባል ሰፈር አንድ መኝታ ቤት ተከራይተን እንኖራለን። ልቡ ግን እዚያ ተራራ ላይ ቀርቷል። የዛሬ አምስት ዓመት ፌርፋክስ ላይ አንድ የበርበሬ ሱቅ ጥግ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር አስፈቀደና የኮቶፓክሲን ፎቶ መስታወቱ ላይ ለጠፈ። ነጭ ሾጣጣ ተራራ ነው፣ እሳተ ገሞራ። "ሐበሻ ደግሞ ለዳገት ብሎ አገር አቋርጦ ይሄዳል እንዴ?" ብለው ሳቁበት። ሄዱለት። በዓመት ሁለት ጊዜ ስድስት ስድስት ሰው ይወስዳል። ደመና የማይለየው ጫካ ያስገባቸዋል፣ ከመሬት በሚፈልቅ ፍል ውሃ ያስጠምቃቸዋል፣ ገደል ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ያሳያቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ወደ ተራራው።

አንድ ሕግ ነበረው። ኪቶ ራሷ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ ሰውነት ስሱን አየር እስኪለምድ መጀመሪያ ሁለት ቀን እዚያው ቁጭ ይባላል። ውሃ መጠጣት፣ ትንሽ መብላት፣ ቀስ ብሎ መራመድ ነው። ሰው ደረጃ ሲወጣ እንኳ ከታች ሆኖ "ቀስ!" ይላል። በዚህ ነው ፌርፋክስ ላይ "በሽር ሁለት ቀን" የሚሉት። ስሙን ይወደዋል።

ባለፈው ጊዜ ጋሼ አሥራት ተመዘገቡ። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው፣ የደብረ ብርሃን ሰው፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት እዚህ ፓርኪንግ ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ባልድዊን ሂልስ ከልጃቸው ከሄራን ጋር ይኖራሉ። ሲመዘገቡ እሷም አብራ መጣች።

"በሽር፣ አደራህን" አለችው። "አባዬ ግፊት አለበት። ኬርፉል ሁንለት።"

"አደራሽን ተቀብያለሁ።"

"እኔን ነው እንደ ሻንጣ የምትረካከቡኝ?" አሉ ጋሼ አሥራት። "በሉ ታግ ለጥፉብኛ!"

በዚያ ጉዞ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አብሬ ሄድኩ። በሽር ያንን አገር እንዳይለት ይፈልግ ነበር። ያረፍንበት ቤት ወጥ ቤት ስላለው ምግብ የምሠራው እኔ ነበርኩ።

አሁን የምጽፈው ነው የከበደኝ።

ኪቶ የገባን ማግስት ለሱብሂ ሶላት ስነሳ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያስመልሰው ሰማሁ። ጋሼ አሥራት ናቸው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ግድግዳውን ደግፈው ቆመዋል። ዓይናቸው ቀልቷል።

"ምን ሆኑብኝ ጋሼ?"

"የአውሮፕላኑ ምግብ ነው። ራሴንም ፈልጦኝ አደረ፣ ምንም አይደል።" ከዚያ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። "ሳብሪያዬ፣ በሞቴ፣ ለባልሽ እንዳትነግሪብኝ። ሁለት ቀኑን አራት ያደርግብናል።"

ሳቅኩ። ዝንጅብል አፍልቼ ሰጠኋቸው። እኔ ለትልቅ ሰው እምቢ ማለት አልችልም፣ ከልጅነቴም እንዲሁ ነኝ።

ቁርስ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ተራራው ከግቢው ቆመን ይታየናል። ዶን ሴጉንዶ የሚባለው ያገሬው አስጎብኚ ለበሽር በእስፓንኛ የሆነ ነገር ነገረው። ከነገ ጀምሮ ደመናና ዝናብ ነው፣ እስክንመለስ አይገለጥም ማለቱ ነው። በሽር ይህን ሲነግራቸው ሁሉም ባንዴ ተንጫጩ። ከተጓዦቹ አንዷ አምሳለ ናት፣ ሬስቶራንት አላት፤ ድምጿ ከሁሉ ይበልጣል።

"በሽርዬ፣ ደመና ለማየት ነው እንዴ የመጣነው? ደመና በአውሮፕላን መስኮት አይተናል እኮ!"

"ሕጉን ታውቁታላችሁ" አለ በሽር። "ሁለት ቀን።"

"አንተ የወሎ ልጅ!" አሉ ጋሼ አሥራት። "ይሄ ሕግህ ለፈረንጅ ነው። እኛ የደጋ ሰዎች ነን። ደብረ ብርሃን ውርጭ ቁርሳችን ነበር! አንተ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየበላህ አድገህ ዳገት ታስተምረኛለህ?"

ሳቁ። በሽርም ሳቀ። አየሁት፣ ልቡ እየላላ ነው። ዶን ሴጉንዶ ራሱን ነቀነቀ፣ አልወደደውም። በሽር ግን ያንን ተራራ ለሰው ሳያሳይ መመለስ አይሆንለትም። ወደ ወጥ ቤቱ በር መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ሳብሪያ፣ አንቺ ቀድመሽ ተነስተሻል። ሁሉም በሰላም ነው ያደሩት?"

ጋሼ አሥራት ከኋላው ሆነው ያዩኛል። ድስቱን አየሁ።

"በሰላም ነው" አልኩት።

እናም ሄድን።

መንገዱ ላይ ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ቢጫ ሳር በነፋስ ይተኛል፣ ባለቤት የሌላቸው ፈረሶች መንጋ ሆነው ይሮጣሉ። ትንሽ ሐይቅ ዳር ቆመን ፎቶ ተነሳን። ከዚያ መኪናው ቀይ አሸዋ ላይ እየተጠማዘዘ ወጣ ወጣና መጨረሻው ላይ ቆመ። ከዚያ በላይ በእግር ነው፣ በረዶው ሥር ወዳለችው ማረፊያ ቤት። በሽር "የደከመው መኪና ውስጥ ይቅር" አለ። ጋሼ አሥራት ቀድመው ወረዱ።

አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሲቀልዱ ነበር። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያ እኔን "ወለተ" ብለው ጠሩኝ። ወለተ አምና ያረፉት ታላቅ እህታቸው ናቸው። "ወለተ፣ በጎቹ የታሉ?" አሉና ሳቁ። እግራቸው እንደ ሰካራም ተወላገደ። ተቀመጡ፣ ከዚያ ወደ ጎን ተጋደሙ።

በሽር ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ያን ቀን ጮኸ። ሽማግሌውን በጀርባው አዘለና በዚያ አሸዋ ቁልቁል ሮጠ። ሁለቴ ወደቀ፣ ሁለቴም በጉልበቱ ነው የወደቀው፣ ሰውየውን መሬት አላስነካም። መኪና ውስጥ ለክፉ ቀን የሚይዘውን ኦክስጅን አደረገላቸው። ዶን ሴጉንዶ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አላህ ነው የሚያውቀው።

ላታኩንጋ የሚባል ከተማ ሆስፒታል ሁለት ቀን ተኙ። ነፍሳቸው ተመለሰች፣ አልሐምዱሊላህ። የግራ ዓይናቸው ግን መሀሉ ላይ ጥቁር ነገር ቀረበት። ሐኪሙ ለበሽር ነገረው፤ ዓይናቸው ውስጥ ደም ፈሷል፣ በደንብ ታክመው እሺ እስኪባሉ ድረስ ከፍ ያለ አገር እንዳይወጡ። በሽር ተረጎመላቸው።

"ከእንግዲህ ምን ዳገት ቀርቶብኝ?" አሉ። ከዚያ ሁላችንንም አልጋቸው አጠገብ ሰበሰቡን። "ለሄራን አይነገር። ትደነግጣለች። ሆቴል መታጠቢያ ቤት አዳልጦት ወደቀ በሏት።"

"እውነታቸውን ነው" አለች አምሳለ። "በሩቅ ያለን ሰው በስልክ አያስደነግጡትም።"

የኛ ሰው እንዲህ ነው። ሁሉም እሺ አለ፣ ደግ የሠራን መስሎን። ጋሼ አሥራት በሽርን ለብቻው "በሞቴ! አፈር ስሆን!" ብለው አስማሉት። በሽር አንገቱን ደፋ።

ከተመለስን ሦስት ሳምንት ሆነ። አንድ ቀን ከሰዓት ሄራን ሱቁ ድረስ መጣች። እኔም ነበርኩ። ፊቷ በርቷል።

"ላመሰግንህ ነው የመጣሁት" አለችው። "አባዬ ያንን ተራራ አውርቶ አልጠግብ አለ። የማኅበራችን ሴቶች አሥራ ሁለት ሆነን ልንመዘገብ ነው። ካንተ ጋር ካልሆነ አንሄድም ብለዋል።"

"ዓይናቸውስ?" አለ በሽር።

"ያ የወደቀበት? ነገ ጠዋት የመጨረሻ ቼክ አለው። ኦኬ ከተባለ ቅዳሜ እንበራለን። የእትዬ ወለተ ሙት ዓመት ነው፣ ደብረ ብርሃን።"

በሽር ወንበሩን ያዘ። እሷ ልብ አላለችም። ስትወጣ ጭምር "ተባረክ" አለችው።

ወዲያው መኪና ውስጥ ገብተን ለጋሼ አሥራት ደወለ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነው።

"ጋሼ፣ ደብረ ብርሃን የኪቶን ያህል ከፍ ያለ ነው። ሐኪሙ ያለውን ረሱት?"

"አንተ ልጅ፣ የተወለድኩበት አገር ይገድለኛል?"

"ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖሩት እዚህ ውቅያኖስ ዳር፣ ቆላ ነው። ሰውነትዎ ረስቶታል። ለሄራን እንንገራት።"

"እህቴን ሳልቀብር ቀርቻለሁ!" አሉ። "አሁን ደግሞ ሙት ዓመቷን ታስቀረኝ? አስምዬሃለሁ። ደግሞ እወቅ፣ ብትናገር አንድ ሰው ካንተ ጋር አይሄድም። ያቺ ጠረጴዛህ ትዘጋለች።"

ስልኩ ተዘጋ። በሽር መሪውን ይዞ ቀረ።

"ኪቶ ላይ እኮ ደህና ነበሩ" አለ። እኔን ሳይሆን ራሱን ነው። "የመታቸው ተራራው ነው። ደብረ ብርሃን ምንም ላይላቸው ይችላል። ኪቶ ደህና አድረዋል።"

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ ዝም ልል ነበር። ዝም ብል ሁሉም ባለበት ይቀራል። ጠረጴዛውም፣ አሥራ ሁለቱ ሴቶችም። ግን በኔ ቃል ተደግፎ ሊተኛ መሆኑን ሳይ አልቻልኩም።

"ደህና አላደሩም" አልኩት። "አስመልሷቸዋል። ራሳቸውንም ታመው ነበር። አይቻቸዋለሁ።"

ዞሮ አየኝ። ወላሂ፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ጠይቄሽ ነበር እኮ፣ ሳብሪያ።"

"ጠይቀኸኝ ነበር።"

ቤት ስንገባ እራትም አልበላም። የላታኩንጋውን ሆስፒታል ወረቀት ከሻንጣው አወጣና አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አልገባም። "ትመጪያለሽ?" አለኝ፣ ሄድኩ። የዓይን ሐኪሙ ፓርኪንግ ውስጥ መስኮቱን ከፍተን ጠበቅን። የሄራን መኪና መጣችና ትንሽ ራቅ ብላ ፓርክ አደረገች፤ ጋሼ አሥራት አጠገቧ ተቀምጠዋል። በሽር ወረደና በእሷ በኩል ቆመ። እኔ አልወረድኩም።

"ሄራን፣ አባትሽ የወደቁት መታጠቢያ ቤት አይደለም።"

"አንተ!" አሉ ጋሼ አሥራት። "አስምዬህ አልነበር?"

"አስምለውኛል ጋሼ። መሐላዬን አፍርሻለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ሁሉንም ነገራት። ቀኑን እንደለወጠ፣ ተራራው ላይ የሆነውን፣ የሐኪሙን ቃል። ወረቀቱን ሰጣት። "ከኪቶ ጀምሮ ነው ያመማቸው" አላት። "የመጀመሪያውን ሌሊት አስመልሷቸዋል። ደብረ ብርሃን ከኪቶ እኩል ነው። ሐኪሙ ይሄንን ሳያይ እንዳትበሩ።"

ሄራን አልጮኸችም። ወረቀቱን ገልጣ ብዙ አየችው፣ እስፓንኛ ነው፣ አታነበውም።

"አደራ ብዬህ ነበር" አለችው።

"ብለሽኝ ነበር።"

"ስድስት ሰው ሆነው፣ ሌሊቱን ሲያስመልሰው ማንም አላየም?"

ጋሼ አሥራት ዞረው በመስታወቱ እኔን አዩኝ። የበሩን እጀታ ያዝኩ። በሽር ወደኔ አልዞረም።

"ማንም አላየም" አላት። "ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ።"