ቆሜ ያላቀፍኳት ልጅ

ከልደታ የወጣሁት በማለዳ፣ ሁለት ወንዶች ግራና ቀኝ ብብቴን ይዘውኝ ነው። አንዱ ባለቤቴ ታደሰ፣ ሌላው ወንድሙ ነበር፤ ጎረቤታችን እትዬ አስካለ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? በዚያ ዘመን ሰው በማለዳ በሁለት ወንዶች ተይዞ መኪና ውስጥ ከገባ የሚታሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበርና መስኮቷን ድርግም አድርጋ ዘጋች። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን እዘጋ ነበር። እናቴ ልጄን ማርታን አቅፋ ወደ መኪናው አስጠጋችልኝ፤ ግንባሯን ሳምኳት። የአሥር ወር ልጅ ነበረች። እስከዚያ ቀን ድረስ ቆሜ አቅፌያት አላውቅም፤ ይዣት እንዳልወድቅ እየፈራሁ።

ነገሩ የጀመረው በአራስነቴ ነው። ከወለድኩ ወር ሳይሞላኝ ከወገቤ በታች ደነዘዝኩ። እግሬን ስቆነጥጠው የሌላ ሰው እግር የቆነጠጥኩ ይመስለኛል። ልራመድ ስል ጉልበቴ ይከዳኝና ራሴን መሬት ላይ አገኘዋለሁ። ሐኪሙ በትንሽ መዶሻ ጉልበቴን መታ መታ አድርጎ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈልኝ። እናቴ ግን ምክንያቱን ታውቀዋለች፦ አራስ ከቤት አትወጣም፤ እኔ በሃያ ቀኔ የቀበሌ ስብሰባ ሄጄ ብርድ መታኝ። ባልሄድ ደግሞ የወሩን ስኳር እከለከል ነበር።

መደንዘዙ ከጀመረ ወዲያም ከስብሰባ አልቀረሁም። አንድ ቀን ሁሉም ቆሞ፣ ግራ እጁን አንሥቶ «ወደፊት!» ሲል እኔ ወደፊት ተደፋሁ። ከኋላዬ ያሉት የስሜት ብዛት መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሮም የምትኖረው የአክስቴ ልጅ «ነይና ታከሚ» ስትለኝ፣ ለመውጫ ፈቃድ የቀበሌ ደብዳቤ አስፈለገ። ሊቀመንበሩ የሐኪሙን ወረቀት ገለባበጠው።

«ጓዲት አልማዝ፣ ያልታወቀ ማለት ምን ማለት ነው?»

«አላወቁትም ማለት ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«በሳይንስ ምክንያት የሌለው ነገር የለም። የድሮው ሥርዓት ያደረሰብኝ በደል ነው ብለሽ ማመልከቻ ጻፊ። ዛሬውኑ ማኅተም አሳርፍበታለሁ።»

«እግሬ የደነዘዘው እኮ ከአብዮቱ በኋላ ነው።»

ታደሰ እጄን ጨመቀኝ፤ አጥንቴ እስኪንቋቋ። ምን ላድርግ? ሐሰት እፈራለሁ። ያቺ አንዲት ቃል አምስት ወር አስቀመጠችኝ። በመጨረሻ ፈቃዱ ሲመጣ ባሌና ልጄ እንዲቀሩ ተወሰነ። መራመድ ያቃታት ሴት ሮጣ እንዳታመልጥ የአሥር ወር ሕፃን ዋስ ሆነች።

ሮም ስደርስ የሆነው ይኸው ነው፦ ክፍሌ አራተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፤ ፓስታው በርበሬ አያውቅም፤ ዝናቡም እንደኛ ሐምሌ ቀኑን ለይቶ አይመጣም። ከሁሉ የከበደኝ ግን አወዳደቁ ነው። ልደታ ታክሲ መጠበቂያው ላይ ስወድቅ፣ የማላውቃቸው እናቶች «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» እያሉ ተረባርበው ያነሡኝ ነበር። እዚህ «ስኩዚ» ይሉሽና ዞረው ያልፋሉ። ይቅርታ የሚጠይቁት መሬቱን ይሁን እኔን እንጃ።

አከራዬ ሲኞራ አንድ ቀን በሩን አንኳኳች።

«ሲኞራ አልማዝ፣ እዚህ ቤት ምንድን ነው የሚወድቀው?»

«እኔ ነኝ።»

«ትጠጫለሽ?»

«ዓቢይ ጾም ነው ሲኞራ፤ ወተት እንኳ አልጠጣም።»

«ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?»

ባሕር ተሻግሬም ያንኑ ጥያቄ! ጎንበስ ብላ የወለሉን ንጣፍ በጣቷ መረመረች፤ እንዳልተሰነጠቀ አይታ፣ ደስ ብሏት ሄደች።

ሐኪሞቹ መርፌ ወጉኝ፣ በምርመራ ማሽን ውስጥ አሳለፉኝ፣ ሦስት ገጽ ጻፉ። የአክስቴ ልጅ ገልብጣ ገልብጣ መጨረሻው ላይ አንዲት ረጅም ቃል አገኘች።

«ምን ይላል?» አልኳት።

«ምክንያቱ ያልታወቀ ነው የሚለው።»

ልጄ ትምጣልኝ ብዬ ወረቀቱን ለቀበሌው ላክሁት። ልጄ እንድትወጣ ምክንያቱ የተገለጸበት ሌላ ወረቀት ይላክ የሚል መልስ መጣ። ሐኪሞቹ ደግሞ «አንድ ዓመት እንይሽ» እንዳሉኝ አምስት ዓመት አለፈ። በሁለት ምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ፤ ተቀምጬ ልብስ እሰፋለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ባለፈው እሑድ ታደሰ ማርታን ቴሌ ይዟት ሄደና ደወለልኝ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የምትጠይቀኝን ጠየቀችኝ።

«እማዬ፣ ዛሬ ወደቅሽ?»

ከቅዳሴ ስመለስ ደረጃው ላይ ወድቄ ነበር። ክርኔ ገና ይቆጠቁጠኛል። ሊቀመንበሩን ያልዋሸሁ ሴት ልጄን ልዋሽ?

«አሁን ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ፣ ማርቲዬ» አልኳት።

ገባት። ብልጥ ናት።

«አባባ፣ እማዬ ስትመጣ ቆማ ታቅፍሻለች ይላል። እኔ ግን አድጌያለሁ፣ ከብጃለሁ።»

ክርኔን አሸት አሸት አደረግሁ።

«ግድ የለም፣ ስትመጪ እኛ እንይዝሻለን» አለች። «አባባ በግራ፣ እኔ በቀኝ።»

መስመሩ ተቋረጠ። እትዬ አስካለን የምታገኟት ካላችሁ አደራ ንገሩልኝ፦ የምመለስ ዕለት መስኮቷን እንዳትዘጋ።