የካርቶኑ ራኬት ቃለ ጉባኤ

የታሰርኩት በፊርማ ነው። በማስተምርበት ኮሌጅ አንድ ባልደረባችን ተወስዶ የት እንደደረሰ ስላልታወቀ፣ አሥራ አንድ መምህራን አቤቱታ ጽፈን ፈረምን። ከሁሉም በላይ የሰፈረው የእኔ ስም ነበር። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ ወረቀቱ ሲዞር በሩ አጠገብ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። በሳምንቱ መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሳለ ሁለት ሰዎች ትከሻዬን ነክተው፣ «መምህር፣ ለጥቂት ደቂቃ እንፈልግሃለን» አሉኝ። ጥቂቷ ደቂቃ አምስት ወር ሆነች።

ያስገቡኝ የካ ዳገቱ ላይ ባለ አንድ ግቢ ውስጥ፣ ድሮ የዕቃ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ደረት ድረስ አረንጓዴ ዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ የተላጠ ኖራ ነው። ከጣሪያው ሥር አንዲት ጠባብ መስኮት አለች፤ በእሷ በኩል የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጫፉ ብቻ ይታያል። ሃያ ሦስት ሰው ነበርን። የንድፍ መምህር ነኝና የመጀመሪያ ሥራዬ ክፍሉን በእርምጃ መለካት ሆነ። ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ አምስት እርምጃ። ለሃያ ሦስት ሲካፈል ስንት እንደሚደርሰን አስልቼ ወዲያው ረሳሁት፤ ማወቁ ጥቅም አልነበረውም።

የመጀመሪያዎቹን አርባ ቀናት የጠየቁኝ ስለዚያች ፊርማ ብቻ ነው። ለምን አንደኛ ሆንክ? ካንተ ቀጥሎ እሱ ለምን ፈረመ? እስክሪብቶው የማን ነው? መልስ ሲያልቅብኝ ያለፈውን መልስ ደገምኩ፤ ስደግመው ደግሞ ለምን ደገምከው አሉኝ። ከዚያ በኋላ ወረቀት ሳይ ፊቴን አዞር ጀመር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ።

ከጎኔ የሚተኙት አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ዕድሜያቸውን በሙሉ መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ከግቢው ሽቅብ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ላይ የሆነ ሰው ናቸው። የተያዙት ልጃቸው ያለበትን አልናገርም ብለው ነው። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ሌላው «አባባ» ይላቸዋል። እዚያ ክፍል ውስጥ ኮታቸውን ቆልፈው የሚቀመጡ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጨዋታው የመጣው ከጠብ ነው። ክረምት ገብቶ፣ ዝናቡ ግቢ የምንወጣባትን ሃያ ደቂቃ እየበላብን ነበር። አንድ ቀን የላምበረት መናኸሪያ ጫኝና አውራጅ የነበረ ጠብደል ሰውና አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ የአንዱ እግር የሌላውን የዳቦ ፌስታል ረገጠ ተባብለው ተያያዙ። የባንክ ሠራተኛው ጥርስ ወለቀ። ጠባቂዎቹ ሦስት ቀን በር ዘጉብን፤ ባልዲው እንኳ የሚደፋው በልመና ሆነ።

በሦስተኛው ቀን ጋሼ ወደ እኔ ዘወር አሉ።

«መምህር፣ እነዚህ እጆች ሥራ ካላገኙ እርስ በርስ ይበላላሉ። ንድፍ አይደል የምታስተምረው? እስቲ አንድ ነገር ንደፍ።»

«ምን ልንደፍ ጋሼ? ቤት?»

«ቤትማ አለን» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «የሚጫወቱበት ነገር።»

እውነቱን ለመናገር ደክሞኝ ነበር። ያኔ ድካም ማለት እንቅልፍ ማጣት አልነበረም፤ ቀኑን ሙሉ እየተኛሁም ይደክመኝ ነበር። ሁለት ቀን ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። እሳቸው ግን ሲያልፉ ከቤተሰብ ስንቅ የመጣበትን ባዶ ካርቶን ጭንቅላቴ አጠገብ ያስቀምጣሉ። ካርቶኑ ሦስት ሲደርስ አፍሬ ተነሣሁ።

ካርቶን በሆዱ ሽንሽን አለው። በሽንሽኑ አቅጣጫ ካጠፉት ወዲያው ይታጠፋል፤ ሁለት ካርቶን ሽንሽናቸው እንዲቆራረጥ አድርገው ካጣበቁ ግን ይጠነክራል። ዳቦ በውሃ አርሰን አላቁጠን ሙጫ አደረግነው። መዳፍ ተኩል የሚሆን ክብ በእጃችን ቀደን፣ መያዣውን ከማዳበሪያ ከረጢት በተመዘዘ ክር ጠመጠምነው። ከዚያ ከጫኝና አውራጁ ፍራሽ ሥር አስገባነውና፣ ሁለት ቀን በእሱ ክብደት ተጭኖ ደረቀ። ራኬት ሆነ።

ኳሱ አስቸገረ። በፌስታልና በካልሲ የሠራነው መሬት ሲነካ እንደ ጭቃ ዝም ይላል። ጠበቅ አድርገን ስንሠራው ደግሞ ግድግዳውን ሲመታ ድምፅ አወጣ፤ ጠባቂው በሩን በርግጫ መታው። የሚያነጥር፣ ግን የማይጮህ ነገር ያስፈልገን ነበር። ሁሉም ሲያስብ ቆይቶ ጫኝና አውራጁ የቱታውን የወገብ ላስቲክ መዞ አወጣ።

«ቲቸር፣ ይኸው። ከዛሬ ጀምሮ ሱሪዬን በእጄ ነው የምይዘው፤ ከተሸነፍኩ በናንተ ነው» አለ።

ላስቲኩን ፌስታሉ ላይ ጠምጥመን ካልሲ አለበስነው። ሲያነጥር አየን። አንድ ሰው አጨበጨበና ደንግጦ ተወ።

በአረንጓዴው ቀለም ላይ በጥርስ ሳሙና ሦስት ክብ ሣልኩ። ትልቁን በሳፋ አፍ፣ መካከለኛውን በሳህን፣ ትንሹን በኩባያ ለክቼ። ሳፋው አንድ፣ ሳህኑ ሦስት፣ ኩባያው አምስት ነጥብ። ከአራት እርምጃ ሲመቱት ቀለለ፤ ከስድስት ማንም አልመታም፤ አምስት ላይ ተስማማን። እያንዳንዱ ሰው ኳሱን አንድ ጊዜ መሬት አስነጥሮ በራኬት ይመታል፤ አምስት ጊዜ ሞክሮ ለተረኛው ይለቃል። ሲጨርሱ ሥዕሉ በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል። በመጀመሪያው ቀን የባንክ ሠራተኛው ጫኝና አውራጁን በሁለት ነጥብ አሸነፈው። ተሸናፊው ሱሪውን ይዞ ሲስቅ፣ ጥርሱ የወለቀው ሰውዬ አብሮት ሳቀ። ከገባሁ ወዲህ ክፍሉ ውስጥ ሳቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ደስ አለኝ፤ ደስ ስላለኝም ተገረምኩ።

እዚህ ላይ ብናቆም ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር። ግን እኛ ሦስት ሰው ሆነን ከተሰበሰብን ሊቀመንበርና ጸሐፊ ሳንመርጥ አንውልም። ለሕጉ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ ተቋቋመ። ጋሼ ጸሐፊ ሆኑ። ቀፎ የሌላት እስክሪብቶ ከፍራሻቸው ስፌት ውስጥ አወጡ፤ እስክሪብቶ መያዝ ክልክል ነበር። በፓስታ መጠቅለያ ወረቀት ጀርባ ላይ፣ በዚያ እንደ ማተሚያ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው፣ «ቃለ ጉባኤ» ብለው ከላይ ጻፉ።

«ጋሼ፣ በቃል ይበቃናል» አልኳቸው።

«ያልተጻፈ ሕግ ጉልበተኛው የፈለገውን የሚለው ነው» አሉኝ።

ተራ ቁጥር አንድ፣ ስንቅ ያልመጣለት ሰው ጨዋታውን ይጀምራል። ተራ ቁጥር ሁለት፣ የሚጸልይ ወይም የታመመ ሰው በኳስ የመታ ይቅርታ ጠይቆ ተራውን ያጣል። እንዲህ እያለ ይወርዳል። ስድስተኛውን ያመጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው፤ ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ጨዋታ የለም። ሙስሊሞቹም የዓርቡ ተስማማቸው። ሰባት ተጫዋቾች ስማቸውን ጽፈው ፈረሙ። ወረቀቱ እኔ ጋ ደረሰ።

አልፈረምኩም። «እኔ ተጫዋች አይደለሁም» አልኩ። ውሸት ነው፤ ከሁሉም በላይ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። ጋሼ አላውጣጡኝም። «8» ብለው ጻፉና ከፊቱ ባዶ ተዉት።

«ቦታህን ትቼልሃለሁ» ብለው አጠፉት፤ ኮታቸው ገበር ውስጥም ከተቱት።

በሚቀጥለው ሰኞ ለጋሼ ዓርብ ፍርድ ቤት እንደሚቀርቡና ዋስትናቸው እንደሚታይ ተነገራቸው። ባለቤታቸው ዓይናቸው ታሞ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ጋሼ ኮታቸውን አውልቀው በእጃቸው ሲያራግፉ አየኋቸው።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ፍተሻ ገባ። ፍራሽ ተገለበጠ፣ ስንቅ ተበተነ። ራኬቱ ተገኘ፣ ኳሱ ተገኘ፤ በመጨረሻ ከጋሼ ኮት ውስጥ ወረቀቱ ወጣ። የግቢው ኃላፊ ተጠራ። በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ፣ ጢሙን በደንብ የተላጨ ሰው ነበር። ወረቀቱን ወደ መስኮቷ ብርሃን አዙሮ አነበበ።

«አንተ፣ ይሄ ምንድነው?» አላቸው። በአባቱ ዕድሜ ያሉትን ሰው።

«ቃለ ጉባኤ ነው ጌታዬ።»

«የምን ጉባኤ?»

«የጨዋታ።»

«ሳፋ አንድ፣ ሳህን ሦስት፣ ኩባያ አምስት። የምን ኮድ ነው?»

«ሳፋ ሳፋ ነው ጌታዬ» አሉ ጋሼ። ከጠባቂዎቹ አንዱ ሳቁን በሳል ደበቀ።

ኃላፊውም ፈገግ አለ። ራኬቱን ከጫኝና አውራጁ እግር ሥር ወረወረው። «በሉ ተጫወቱ፣ እንያችሁ።» ጠባቂዎቹ በሩ ላይ ተደረደሩ፤ ነጻ ትርኢት የተገኘ ቀን ነው። ጫኝና አውራጁ ለማንሣት ጎንበስ አለ።

«ዛሬ ረቡዕ ነው» አሉ ጋሼ፣ ቀስ ብለው።

«እና?»

«ተራ ቁጥር ስድስትን ይመልከቱልን።»

ኃላፊው ወረቀቱን ተመለከተ። ጫኝና አውራጁ ቀና አለ፤ ራኬቱን አላነሣውም። ማንም አላነሣውም። የኃላፊው ፈገግታ ጠፋ።

«ይሄን ሕግ ያወጣው ማነው?»

«ጸሐፊው እኔ ነኝ።»

«ጸሐፊውን አልጠየቅኩም።»

«የጽሑፉ ኃላፊነት የጸሐፊው ነው» አሉ።

«እሺ። ዓርብ ፍርድ ቤት አለህ አይደል? ይቺንም ይዘናት እንቀርባለን። እስር ቤት ውስጥ ተደራጅቶ ሲያስፈርም ተገኘ እንላለን።»

ጋሼ የተከፈተችውን የኮታቸውን የላይኛዋን ቁልፍ ቆለፉ። እኔ ግን ፍራሽ ላይ እንደተቀመጥኩ ነበርኩ። አርባውን ቀን አሰብኩ። ጥያቄው እንደገና ሊጀመር ነው፣ ለምን ፈረምክ፣ ለምን አልፈረምክ። እንቅልፍ እንደሚያስፈልገኝ አሰብኩ። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም፤ ስሜ የለበትም። ለዚያች ደቂቃ ስሜ ባለመኖሩ ደስ ብሎኛል፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ከዚያ ያ ደስታ ራሱ አስጠላኝ።

ተነሣሁ። «ጨዋታውን የነደፍኩት እኔ ነኝ። ሕጉም የእኔ ነው» አልኩ።

ኃላፊው ስሞቹን በጣቱ ወረደባቸው። «ስምህ የታለ?»

«ስምንተኛው ላይ መሆን ነበረበት።»

«ታዲያ ለምን አልፈረምክም?»

«ፈርቼ።»

ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ እሱም የደከመው ይመስል ነበር። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ከወረቀቱ ጋር ሰጠኝ። «በል፣ አሁን ሙላው» አለ። እንደማልደፍር እርግጠኛ ነበር።

ተንበረከኩና ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁት። ስሜን ጻፍኩ። ፊርማዬ ግን ወረቀቱ ስለተንሸራተተብኝ የሌላ ሰው መሰለ፤ ይህ ያንተ አይደለም ይሉኛል ብዬ እንኳ ሰጋሁ። ስመልስለት ጋሼን አላየኋቸውም። «ስምንት» ሲሉ ብቻ ሰማሁ፤ የጎደለ ገጽ ቆጥሮ እንዳገኘ ሰው።

ከዚያው ወሰዱኝ። አሥራ አንድ ቀን ብቻዬን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቆየሁ፤ ጥያቄው እንደጠበቅኩት ነበር። ስመለስ ጋሼ እዚያው አሉ። ዓርብ አልተጠሩም። ፋይሉ አልመጣም ተብሏል፤ ከወረቀቱ ጋር ይገናኝ አይገናኝ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔም ነገሩን አዳንኩ ወይም አበላሸሁ ማለት አልችልም። ጋሼ ፍራሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ፤ ውሃ ሰጡኝ፤ «ተኛ» አሉኝ። በሦስተኛው ሳምንት ተለቀቁ። ሲወጡ እንደ ቢሮ ሰው ቀጥ ብለው ጨበጡኝ።

አሁን ሌላ ኮሌጅ አስተምራለሁ። ጋሼን አንዳንድ እሑድ ዳገቱን ወጥቼ አያቸዋለሁ፤ ስለ ባለቤታቸው ዓይን፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናወራለን። ስለዚያ ረቡዕ አንሥተን አናውቅም። ድካሙ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀኝም፤ በጠዋት ስነሣ የሠራሁት ሥራ ሳይኖር ጉልበቴ ያልቃል። ሐኪም አልጋ ቀይር አለኝ፤ ቀየርኩ።

ወረቀቷ ግን ያለች ይመስለኛል። መንግሥት ወረቀት አይጥልም፤ አንዱ ፋይል ውስጥ ተሰፍታ ተቀምጣለች። አንድ ቀን አንድ ሠራተኛ አቧራዋን አራግፎ ሲያነባት፣ ስንቅ ያልመጣለት ይጀምራል ብለው የተስማሙ የስምንት ሰዎች ስም ያገኛል። የመጨረሻው ፊርማ ጠማማ ነው፤ በጉልበት ላይ የተፈረመ መሆኑ ያስታውቃል። የማን ነው ብሎ ከጠየቀ፣ የእኔ ነው።