አባቴ ያዩት የአንጎል ፎቶ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ነው። ከአእምሮዬ ያልጠፋው፣ ያን ቀን ምንም ስላልተሰማኝ ይመስለኛል።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ በአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነኝ። አባቴ አልዛይመር ከያዛቸው ወዲህ ቤት ብቻቸውን ትቻቸው መውጣት ስለማልችል ሥራ ቦታ ይዣቸው እመጣለሁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ። አሁን በረንዳው ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ሲያዩ ይውላሉ።

ያን ቀን ወደ ደሴ የምትሄድ አንዲት ሴት መኪናዋ ተበላሽቶባት እስኪጠገን እኛ ጋ አረፈች። አባቴ "ምሳ በላን ወይ?" እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁኝ ስትሰማ ቆየችና፣

"ከጀመራቸው ቆየ?" አለችኝ።

"ቆየ።"

የዚሁ በሽታ ተመራማሪ መሆኗን ነገረችኝ። በታመመ አንጎል ውስጥ እንደ ዝቃጭ የሚጠራቀም ነገር አለ አለች። እነሱ የሚሠሩት ማቅለሚያ እዚያ ዝቃጭ ላይ ይጣበቅና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ያበራል። ስልኳን አውጥታ የአንድ አይጥ አንጎል ፎቶ አሳየችኝ። ጨለማ ላይ የተበተኑ አረንጓዴ ነጠብጣቦች ናቸው።

አባቴ አንገታቸውን አስግገው አዩት።

"ደብረ ሲና ናት፤ ከጣርማ በር ስትወርድ እንዲህ ነው የምትታየው" አሉ። ደስ አላቸው። "እሰይ፣ መብራቷ መጣ።"

ሴትየዋ ላርማቸው አላለችም። "አዎ አባባ፣ እሷ ናት" አለቻቸው። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የእኔ ደረቅ ነበር።

"ለእሳቸው ይሆናል?" አልኳት።

"አይሆንም፣ እህቴ። እኛ ገና በሽታው የት የት እንዳለ ለማየት ነው የምንለፋው። ማዳኑ ሌላ ነው። ልዋሽሽ አልችልም።"

"እሺ" አልኩና ቀዝቃዛ ውኃ አመጣሁላት። መኪናዋ ተጠግኖ ስትሄድ አቅፋ ሳመችኝ። እኔም ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ዘመድ ጎረቤቱ ሁሉ "ይድናሉ" እያለ ጠበልም ቅጠልም ሲያዘኝ ነበር። እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። ስሟን እንኳ በወጉ አልያዝኩትም፤ ግን አመሰግናታለሁ። እስከ ዛሬ አላለቀስኩም። ለምን እንደሆነ አላውቅም።

አሁን እኔንም አያውቁኝም። በቀደም ሸሚዛቸውን ሳለብሳቸው፣ "የማን ልጅ ነሽ?" አሉኝ።

የራሳቸውን ስም ነገርኳቸው።

"አውቀዋለሁ፤ ጥሩ ሰው ነው" አሉ። "ሰላም በይልኝ።"

"እሺ፣ እላለሁ" አልኩና የቀረውን ቁልፍ ቆለፍኩላቸው።