ዘሃራና ደብሪቱ ከአንድ ሳህን

ሐይቅ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ ሥራ ወተት መበጥበጥ ነበር። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን ጨርሼ፣ አዲስ ነጭ ጋውን ለብሼ፣ መርፌ እወጋለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ይመር ነበሩ፤ በሥራው ያረጁ ከፍተኛ ድሬሰር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና “እጅሽን እስከ ክርንሽ ታጠቢና ባልዲውን ያዢ” አሉኝ።

ጊዜው የሰባ ሰባቱ ክፉ ቀን ነው። ከአምባሰል ተራሮች የወረደው ሕዝብ በአውራ ጎዳናው ዳር በድንኳን ሰፍሯል። የዱቄት ወተት ከዘይትና ከስኳር ጋር እንበጠብጣለን፣ የሕፃናቱን ክንድ በጥብጣብ እንለካለን፣ በተንጠልጣዩ ሚዛን እንመዝናቸዋለን። ሚዛኑ ትንሽ ከፍ ካለ ቀኑ መልካም ዋለ ማለት ነው። “የኛ ሥራ ሰው ማወፈር ነው፤ ሌላውን በኋላ ትማሪያለሽ” ይሉኝ ነበር አቶ ይመር።

ከሁለት መኸር በኋላ ድንኳኑ ተነሣ። የተረፈው ሰው ወደ ቀዬው ተመለሰ፤ መመለስ ያልፈለገው ሐይቅ ቀረ። ከቀሩት አንዷ እትዬ ደብሪቱ ነበረች። ከመኪና ማቆሚያው አጠገብ ምግብ ቤት ከፍታ የወልዲያና የደሴ ሹፌሮችን ታበላለች። አንድ ቀን ድስት ስታወርድ ራሷን ስታ ወደቀችና ደንበኞቿ ተሸክመው አመጧት።

ትልቅ ሴት ነበረች፤ ሁለት ሆነን ነው አልጋ ላይ ያወጣናት። ስትነቃ ውኃ ውኃ አለች። ሽንቷን ተቀብዬ ጥቂት ጠብታ ሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ ላይ ጨመርኩና በአልኮል መብራት አፈላሁት። ስኳር ከሌለ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል፤ ካለ ወደ አረንጓዴ፣ ወደ ቢጫ ይሄዳል። የእትዬ ደብሪቱ ቢጫውንም አልፎ የሸክላ ቀለም ያዘ።

“የስኳር በሽታ ነው” አልኳት። “ኪኒን ይሰጥሻል። ግን ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም፤ ክብደትሽ መውረድ አለበት። እንጀራውን ቀንሺ፣ ቅቤውን ተይው፣ ሻይሽን ያለ ስኳር ጠጪ፣ ጠዋት ጠዋት በእግርሽ ሂጂ።”

ኪኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች።

በቀጠሮዋ ስትመጣ ሽንቷ ያው ሸክላ ነበር። ጋውን በለበሰ ሰው ድምፅ ተቆጣኋት። “እትዬ፣ ለምንድን ነው የማትሰሚኝ?”

“ሰምቼሻለሁ” አለች። “ከአምባሰል ስወርድ ልጄን አዝዬ ነበር፤ አስናቀች ትባላለች። ውጫሌ ስንደርስ ‘እማዬ፣ ትንሽ ነገር’ አለችኝ። ትንሽ ነገር አልነበረኝም። ሐይቅ ሳንደርስ ከጀርባዬ ላይ ቀዘቀዘችብኝ። አሁን እንጀራ ፊቴ ቀርቦ ሳለ እጅሽን ሰብስቢ ትዪኛለሽ። እጄ እሺ አይለኝም፣ ልጄ።”

አቶ ይመር ወዲያ ማዶ ቁስል እያጠቡ ነበር። እጃቸው ቆመ። ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን መልስ አልሰጡንም።

መልስ የሰጠቻት በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተራዋን ትጠብቅ የነበረችው እትዬ ዘሃራ ናት። ዘሃራ የማርና የቅቤ ነጋዴ ናት፤ ባሏ ሞቶባት ከአንድ ልጇ ከሰዒድ ጋር ትኖራለች። ስኳሩ ከተገኘባት ቆይቷል፤ እሷም ምክሬን እሺ እያለች ወስዳ እቤቷ ስትደርስ የምትጥል ታማሚዬ ነበረች።

“ስሚ እህቴ” አለቻት ደብሪቱን። “እኔም ይኸው ነው ያለብኝ። እዚህ እሺ እላለሁ፣ ገበያ ሄጄ ማር ስልስ እውላለሁ። ሳልቀምስ እንዴት እገዛለሁ? ወላሂ ብቻዬን አልቻልኩትም። ነይ አብረን እንሞክረው።”

“ምኑን?”

“መብላቱን። ካንቺ ጋር እበላለሁ፤ ስትተይ እተዋለሁ። አስናቀች ስትመጣብሽ ደግሞ ንገሪኝ፤ እየሰማሁሽ እቀመጣለሁ።”

ደብሪቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። የልጇን ስም ከቀበረቻት ወዲህ ሌላ ሰው ሲጠራው የሰማችው ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ እንደነበረ በኋላ ነገረችኝ።

ምሳቸውን በደብሪቱ ምግብ ቤት ጓዳ መብላት ጀመሩ። አንዷ ሙስሊም አንዷ ክርስቲያን ስለሆኑ ሥጋ በአንድ ሳህን አይበሉም፤ ይህ ከኔ ምክር በላይ ጠቀማቸው። የሚያገናኛቸው ከሐይቁ የወጣ ዓሣ፣ ጎመን፣ ምስርና የገብስ ቅንጨ ነበር። ቅቤ የለም፤ ቅቤ ነጋዴዋ ራሷ ከልክላለች። ማሩንም መላሱን ተወችው። በእንጨት ቀድታ ክሩ እንዴት እንደሚወርድ እያየች መግዛት ተለማመደች። “ሁለቴ ተሸውጃለሁ፤ ሦስተኛው ላይ ዓይኔ ከምላሴ በለጠ” ትል ነበር።

ጠዋት ጠዋት ተያይዘው ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳሉ። ክሊኒኩ ያለው የሕፃናት ሚዛን ብቻ ስለሆነ የገበሬ ማኅበሩ መጋዘን ሄደን እህል የሚመዘንበት ባስኩል ላይ አቆማቸዋለሁ። መዛኙ “ስንት ኩንታል ልበል?” እያለ ይስቃል።

“የፈለግከውን በል፤ ከእህል ኮታው ብቻ እንዳትደምረን” ትለዋለች ዘሃራ።

ሐይቅ ላይ መክሳት ወሬ ነበር። ክፉ ቀን ባየ አገር ሰው ወዶ ይከሳል ብሎ የሚያምን የለም። ደብሪቱን “ቤትሽ ጎደለ እንዴ?” አሏት። ዘሃራን “ሳንባ ነቀርሳ ነው” ብለው ቅቤዋን የሸሹ ነበሩ። እንዲህ ያለ ቀን አንደኛዋ ትታው ልትሄድ ስትል ሌላኛዋ እቤቷ ድረስ ሄዳ ታመጣታለች።

አንድ ጠዋት የደብሪቱን ሽንት ሳፈላ አረንጓዴ ላይ ቆመ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አሳየኋቸው። “የክረምት ሣር መስሏል!” አለች ዘሃራ፤ የራሷን ማየት ረስታ።

ረመዳን ሲገባ ዘሃራ ልጹም አለች። አቶ ይመር “ኪኒን እየወሰድሽ አይሆንም፤ ሸኹን ጠይቂያቸው” አሏት። ሸኹም ለታመመ መብላት ተፈቅዷል፤ ፈንታውን ድሃ አብዪ አሏት። ያም ሆኖ አገር በጾመበት ቀን መብላት አሳፍሯት አለቀሰች። ደብሪቱ ጓዳውን ዘግታ አጠገቧ ተቀመጠች። “እኔም አብሬሽ እበላለሁ፤ ኀፍረቱን ለሁለት እንካፈለው” አለቻት። በዐቢይ ጾም ዘሃራ በፈንታዋ ዓሣውንም ትታ እስከ ፋሲካ ምስርና ጎመን በላች።

ይህ ጥቂት ዓመት ሄደ። በሥራዬ ደስ ያለኝ ዘመን የቱ ነው ብባል ያንን እጠራለሁ።

ከዚያ ሰዒድ ተወሰደ። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ዙሩ ደርሶት ለብሔራዊ ውትድርና በቀበሌ ተጠራና ከጓደኞቹ ጋር በጭነት መኪና ተጫነ። ዘሃራ ደሴ ድረስ ተከትላ ፊቱን ሳታይ ተመለሰች።

መብላት አቆመች። ኪኒኑንም ረሳችው። “አፌ አፈር አፈር ይለኛል” ትለናለች። ባስኩሉ ላይ ስትቆም እየወረደች ነው፤ በዚያ ሚዛን መውረድ ስንደሰት የነበርን ሰዎች አሁን መውረዱን መፍራት ጀመርን። አንዲት የቅቤ ደንበኛዋ ግን ክሊኒክ በር ላይ አግኝታት “ዘሃራ፣ እንዴት አምሮብሻል! ሸንቀጥ ብለሻል” አለቻት። ዘሃራ “አልሐምዱሊላህ” አለችና አንገቷን ደፋች።

ደብሪቱ ያን ቀን ምሳ ይዛ ዘሃራ ቤት ሄደች። እኔም አብሬ ነበርኩ። ዓሣውን ከአጥንቱ ለይታ፣ ከቅንጨ ጋር አድርጋ ወደ አፏ አቀረበችላት። “ትንሽ ብዪ ስትይኝ ሰምቼሻለሁ። ዛሬ ደግሞ ትንሽ ብዪ የምልሽ እኔ ነኝ። አንድ ልጅ በረኃብ ቀብሬያለሁ፤ አንቺን አልቀብርም።”

ዘሃራ አፏን ከፈተች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከደብሪቱ እጅ ብቻ ነው የምትበላው።

ጦርነቱ ወደ ወሎ ገባ። የደሴ መንገድ አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል፤ መድኃኒት የሚያመጣልን መኪና ቀረ። የስኳሩ ኪኒን አለቀ። በዚያው ሰሞን የዘሃራን የእግር አውራ ጣት የፕላስቲክ ጫማዋ ላጠው። አላመማትም፤ ስኳር እግርን ያደነዝዛል። አቶ ይመር ጋር ስትመጣ ቁስሉ ጠቁሮ ነበር። በጨው ውኃ አጥበው ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር።

“ደሴ መድረስ አለባት” አሉኝ። “እዚህ የምንችለው አይደለም።”

ደብሪቱ ምግብ ቤቷን ዘግታ ሹፌር ደንበኞቿን አንድ በአንድ ለመነች። አንዱ በጭነቱ ላይ አሳፈራቸው። ደሴ ሐኪሙ እግሯ ከጉልበት በታች ካልተቆረጠ እንደማትተርፍ ነገራት።

“አልቆረጥም” አለች ዘሃራ። “ሰዒዴ ሲመጣ ሮጬ ነው የምቀበለው።”

“ያለ እግር ተቀበዪው!” አለቻት ደብሪቱ። “ተኝተሽ ተቀበዪው። ብቻ ኖረሽ ተቀበዪው።”

ለመነቻት፤ ተቆጣቻት፤ ጉልበቷን ይዛ አለቀሰች። ዘሃራ እምቢ እንዳለች ወደ ሐይቅ ተመለሱ። ቁስሏን እቤቷ እየሄድኩ አጥብ ነበር። ፋሻውን ስፈታ ደብሪቱ ራስጌዋ ተቀምጣ የገበያ ወሬ ታወራላታለች፤ ዘሃራም ወደ ታች ላለማየት እሷን ታይ ነበር።

በመጨረሻው ቀን ደብሪቱ ያጎረሰቻትን ሁለት ጉርሻ ዋጠች። ሦስተኛውን በእጇ መለሰችና “አንቺ ብዪው፤ ጾምሽን ውለሻል” አለቻት። ደብሪቱ በላችው። ዘሃራ ከሰዓት በኋላ ዐረፈች። ጀናዛዋ ሲወጣ ደብሪቱ ከሴቶቹ ጋር ቤት ቀረች፤ ሳህኑን ይዛ፣ የት እንደምታኖረው ሳታውቅ ቆማ አየኋት።

ከዚያ በኋላ የደብሪቱ ሽንት ተመልሶ ሸክላ ሆነ። አልተቆጣኋትም። አቶ ይመር አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ክሊኒኩን ቆለፉና “ከዛሬ ጀምሮ ምሳችን ደብሪቱ ጋ ነው” አሉኝ። ሄደን ጓዳዋ ገብተን ተቀመጥን። ዓሣና ጎመን አቀረበችልን፤ እሷ ቆመች። “ተቀመጪ፤ ያላንቺ አንጀምርም” አሏት አቶ ይመር። ብዙ ቆይታ ተቀመጠች። እስክዛወር ድረስ እንዲያ በላን።

ደርግ በወደቀ ሰሞን ሰዒድ በእግሩ መጣ። ቤቱ ተዘግቶ አገኘውና ጎረቤት ወደ ደብሪቱ ላከው። ምሳ ላይ ነበርን። የእናቱን ሞት እንደተረዳ ከፊቱ ያስታውቃል። ደጃፉ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦

“እናቴ ብቻዋን ነበረች?”

“አንድም ቀን ብቻዋን አልበላችም” አለችው ደብሪቱ፤ ተነሥታም እጁን አስታጠበችው።

እኔ ጡረታ እስክወጣ በብዙ ጤና ጣቢያ ሠርቻለሁ። ስኳር ወይም ደም ብዛት ኖሮበት ክብደት ቀንስ ለተባለ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ከማን ጋር እንደሚበላ ነው። አብሮት የሚበላ ሰው ካለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይዞት እንዲመጣ አደርጋለሁ። ከሌለው በአግዳሚው ላይ ካሉት እፈልግለታለሁ። የምግብ ምክር ለአንድ ሰው ብቻ አይሰጥም።