ከብርብራው ፊት

በቀደም ሮብ ገበያ ላይ አንድ ጎረምሳ ጆንያ ተሸክሞ ሲያልፍ የተወቀጠ የብርብራ ፍሬ ሸተተኝ። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት። «ለዓሣ» አለኝ፣ ሳያፍር።

ብርብራ ትንሽ ትልቅ ሳይል ዓሣውን ሁሉ አስክሮ ይፈጃል። አባቴ ደግሞ በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎች ማኅበር አለቃ፣ ሙሴ፣ ነበር፤ ትርፉ ጭቅጭቅ ብቻ የሆነ ሹመት። በልጅነቴ አንድ ቀን ጨሞጋ ወንዝ ዳር ከማኅበርተኛው ከጋሼ አየለ ጋር በመቀመጫ ቦታ ሲጨቃጨቅ፣ ብርብራ የያዙ ሰዎች መጡ። አባቴ ከነልብሱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቆመ።

«ሙሴ፣ ዞር ይበሉ። ለእርስዎም ይደርስዎታል» አሉት።

«መጀመሪያ እኔን አስክሩኝ!»

ከሁሉ ቀድመው አጠገቡ የቆሙት እነዚያው ጋሼ አየለ ናቸው። ማኅበርተኛው ሁሉ ተከተለ። ከጮቄ ተራራ የሚወርደው ውሃ አጥንት ይሰብራል፤ ጥርሳቸው ሲንገጫገጭ ይሰማኛል፣ የወጣ ግን የለም። ሰዎቹ ጆንያቸውን ይዘው ተመለሱ።

አባቴ ሸሚዙን እየጨመቀ፣ «መንጠቆ ዓሣውን ይጠይቀዋል፤ ብርብራ አይጠይቅም» አለኝ። ዓሣ ምን ተብሎ ይጠየቃል ብዬ ሳቅኩ።

የገበያው ጎረምሳም ማንንም አልጠየቀም። ተከትዬው ወደ ወንዙ ወረድኩ። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም። ጋሼ አየለ ግን ወሬው ደርሷቸው ኖሮ፣ ከዘራቸውን ተደግፈው ውሃው ውስጥ ቆመዋል።

«ዘገየሽ» አሉኝ።

ጫማዬን አወለቅኩ።