በእርጥብ የተፈታ ጾም

ባሌ ጾመኛ ነው። ጾመኛ ስል እንደ እኔ ረቡዕና አርብን እያማረረ የሚያሳልፈውን ማለቴ አይደለም። ማንም ያላስገደደውን የጽጌን ጾም እንኳ የማይለቅ፣ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ የማይቀምስ ሰው ነው። ኮተቤ ሒሳብ ያስተምራል። በባዶ ሆዱ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ሲጮህ ይውልና ያን ሁሉ ጾም የሚፈታው በምን ነበር መሰላችሁ? በእርጥብ!

እርጥብ የማታውቁ ካላችሁ፣ ዳቦ ይሰነጠቅና በዘይት የተጠበሰ ድንች ይታጨቅበታል፤ ላዩ ላይ ካቻፕና ዳጣ ይፈስበታል፣ አለቀ። ባሌ በሚኒባስ አያት እንደደረሰ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ካለችው ድንች ጥብስ ቤት ጎራ ይላል። የራሱን እዚያው ቆሞ ይበላል፣ ከላዩ ለስላሳ ይጠጣበታል፣ የእኔን ያስጠቀልላል።

"ይሄ ነገር አይጎዳህም?" ስለው፣ "ኧረ ባክሽ፣ ጾም ነው እኮ!" ይለኛል። ቅቤ የለው፣ ሥጋ የለው፣ ታዲያ በምኑ ይጎዳል? ሰፈሩም ሁሉ የሚያምነው ይህንኑ ነው። በየበሩ የጾም በርገር፣ የጾም ፒዛ ተብሎ ተለጥፏል፤ የጾም ከተባለ የሰው ልብ ያርፋል። ዘይቱ ስንቴ ተመላልሶ እንደፈላ የሚጠይቅ የለም።

ደግሞ ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። እኔ መገናኛ ልብስ መደብር ውስጥ ሻጭ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሜ እውላለሁ። ማታ ባቡር ውስጥ የሰው ክርን ጎኔን እየወጋኝ አያት ስደርስ እግሬ አብጦ ጫማዬ አልወልቅ ይላል። ደረጃውን ወጥቼ ስገባ መብራት ጠፍቶ ይጠብቀኛል። እንዲህ ሆኜ ማን ሽንኩርት ይከትፋል? ማን ሽሮ ያማስላል? ጠረጴዛው ላይ የተጠቀለለውን ትኩስ ድንች ሳገኝ "እሰይ፣ እጅህ ይባረክ" እልና ሶፋው ላይ ተዘርግቼ እበላለሁ። ፋስት ፉድ የሚወዱ ሆዳሞች ናቸው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እናደዳለሁ። በብሎካችን የማውቀው ሰው ሁሉ የሚበላው ደክሞት ነው።

ከዚያ ባሌን ውኃ ውኃ ይለው ጀመር። "ጾሙ ነው የሚያስጠማኝ" አለ። ከሳ፤ "ጾሙ ነው" አለ። ድካሙንም፣ የዓይኑን መደብዘዝም ለጾሙ ሰጠው። ሰዉም "ጾሙ እንዴት አማረብህ!" ይለው ነበር።

በየዓመቱ መስከረም አንድ እንጦጦ ራጉኤልን ለማንገሥ ዳገቱን በእግራችን እንወጣለን። ባሌ ያደገው እንጦጦ ሥር ስለሆነ ደብሩን በባዶ እግሩ ሳይሳለም ዓመቱ የገባ አይመስለውም። ያን ዓመትም ከቅጥሩ በር ላይ ጫማችንን አወለቅን። ክረምት ያጠበው ድንጋይ ይቀዘቅዛል፤ እኔ አንድ እግሬን አንስቼ አንዱን እየጣልኩ አነክሳለሁ፣ እሱ ፊት ፊቴ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስከተለው ድንጋዩ ላይ ደም አየሁ። ትንሽ አለፍ ብሎ ሌላ።

"አንተ፣ ሰው እየደማ ነው!" አልኩት።

"የታል?" ብሎ ዞረና ሕዝቡን ያይ ጀመር።

ወይኔ! ያን ሰዓት የሆንኩትን እኔ ነኝ የማውቀው። ከጣቶቹ ሥር የጠርሙስ ስባሪ ተሰክቶበታል፣ እሱ የሚደማውን ሰው ይፈልጋል። ተንበርክኬ ስነቅልለት እንኳ "ምን ነካሽ፣ ሰው ያየናል" ነው ያለኝ። አላመመውም።

እየጎተትኩ ሐኪም ቤት ወሰድኩት፤ ያየችን ሐኪም ወጣት ናት። የደሙ ስኳር እጅግ መጨመሩን፣ የእግሩም ነርቭ መጎዳቱን ነገረችንና "ምን ይመገባሉ?" ብላ ጠየቀችው።

"እኔ እንኳ ጾመኛ ነኝ" አላት፣ ኮራ ብሎ።

"በጣም ጥሩ" ብላ ልታልፈው ስትል ደሜ ፈላ። "የለም ዶክተር፣ በምን እንደሚፈታው ይጠይቁልኝ!" ብዬ ጮህኩ። ጠየቀችው፤ ነገራት። ብዕሯን አስቀምጣ አየችው። "ጾም ነው እኮ" አለ፤ ድምፁ ግን እንደ ወትሮው አልነበረም።

ስኳር አባቱም ላይ ስለነበረ ነገሩ ሁሉ የእርጥብ ጥፋት እንዳልሆነ አስረዳችን። ነገር ግን ባዶ ሆድ ውሎ በዳቦ፣ በድንችና በለስላሳ መሙላት ለእንደሱ ዓይነቱ ሰው በሽታውን መቀለብ ነው አለች። ቁስሉ አልድን አለ፤ ሁለት ጣቶቹን ቆረጧቸው። የቀረውን እግሩን ለማትረፍ ምግቡን መለወጥ፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድና ለጊዜው አለመጾም ነበረበት። ጾሙን መተው ግን አሻፈረኝ አለ። እግሩ ሊሄድ ነው እያልኩት ከእኔ ጋር ስለ ጽጌ ጾም ይከራከራል!

ሲቸግረኝ የንስሐ አባታችንን ጠርቼ ነገሩን ነገርኳቸው። "እርጥብ ምንድን ነው?" አሉኝ። ሳስረዳቸው ሳቃቸው መጣ፤ ከዚያ የታሸገውን እግር አዩና ሳቁ ከፊታቸው ጠፋ።

"ልጄ፣ የታመመ ሰው አይገደድም። ቁርስህን ብላ፣ መድኃኒትህን ውሰድ።"

"ታዲያ አባ፣ እኔ ለእግዚአብሔር ምን ልስጥ?" አላቸው፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። አንጀቴን በላው።

"ቀኖና እሰጥሃለሁ" አሉት። "ከዛሬ ጀምሮ ቤትህ ከተሠራው በቀር አትቅመስ። ቀድመህ የምትገባው አንተ ነህ፤ ሠሪውም አንተ ነህ።"

ባሌ በዕድሜው ሽንኩርት ልጦ አያውቅም።

ግን ቀኖና ነውና ጀመረ። ሽሮው ጓጎለ፣ ጎመኑ አረረ፣ ምስሩ ሳይበስል ቀረበ። እኔም አፌ አያርፍ፣ "ሒሳብ አይደል፣ አስላው እንጂ!" እያልኩ ስቄበታለሁ። አንድ ምሽት ስገባ ድስቱ ላይ አጎንብሶ ያማስላል። ሳይዞር፣ "እንዲህ ቆመሽ ስትሠሪ ማየት ስላቃተኝ ነበር እኮ የምገዛው። ውለሽ የምትገቢው ቆመሽ ነው። መሥራት ደግሞ አልችልም ነበር" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ለምላሱ ብሎ የሚገዛ ይመስለኝ ነበር። "ጨው በዝቶበታል" አልኩት፣ ሳልቀምሰው።

አሁን በየምሽቱ እግሩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ከጣት ጣት እፈትሻለሁ። እሱ የማይሰማውን ቁስል እኔ በዓይኔ ማግኘት አለብኝ።

ዘንድሮ መስከረም አንድ ዳገቱን በመኪና ወጣን። በባዶ እግሩ እንዳይሄድ ተከልክሏል። ከቅጥሩ በር ስንደርስ "በጫማማ አልገባም፣ አንቺ ግቢ" አለኝና ጫማዬን ተቀበለኝ። ብቻዬን ገብቼ ተሳለምኩ። ለእሱ እግር የለመንኩትን ያህል ለራሴ ምንም ለምኜ አላውቅም።

ስመለስ ጫማዬን ደረቱ ላይ አቅፎ ቆሟል።

"ድንጋዩ ይቀዘቅዛል?" አለኝ።

"ይቀዘቅዛል።"

ቀስ ብሎ በርከክ አለ፣ ጫማዬን መሬት አኖረና እግሬን በሁለት መዳፉ ያዘው። ሰው እያየን ነበር። ቆይቶ ቆይቶ፣ "እውነትሽን ነው" አለኝ፣ "ይቀዘቅዛል።"