ሊቲያና ቆማ ያለፈችበት ቀን

ሊቲያና በፊጂዋ መንደሯ በሥርዓት አክባሪነቷ የታወቀች ዓሣ አጥማጅ ናት። ካቫ የሚባለውን የሥር መጠጥ ከብበው በተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ ማለፍ ነውር ነውና፣ ዕድሜ ልኳን ጎንበስ ሳትል አልፋ አታውቅም።

አውሎ ነፋሱ መብራት ባጠፋ ሰሞን ባሏ ኤሮኒ ጄኔሬተሩን ዝናብ እንዳይነካው ብሎ ከሳሎኑ ጋር ወደተያያዘው ማድ ቤት አስገባው። መስኮቶቹ ገና በጣውላ እንደተመቱ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ሆነው ካቫቸውን ሲጠጡ ኤሮኒ ራሱን አሞት በሁለት እጁ ያዘው።

«ገና በሁለተኛው ጽዋ ተሸነፍክ?» ብለው የመንደሩ አለቃ ዋይሳኬ ሳቁበት።

«ካቫው ነዋ! ዘንድሮ ከብዷል።»

ሊቲያናንም ራሷን ይወቅራት፣ ያጥወለውላት ነበር። አሮጊቷ አማቷም ጥግ ላይ ሆነው ያስመልሳቸዋል። ሁለቱም ግን ካቫ አልቀመሱም። የጠጣውም ያልጠጣውም እኩል ከታመመ፣ እንዴት ካቫው ይሆናል? ያን ጊዜ ከማድ ቤቱ የሚመጣውን የጄኔሬተሩን ሞተር ድምፅ ልብ አለችው።

ቀጥ ብላ ቆማ በሽማግሌዎቹ መሃል አለፈችና በሩን በረገደችው።

«ውጡ! የሞተሩ ጭስ ነው የመረዘን!»

«አንቺ ሴትዮ፣ በአለቃው ፊት ቆመሽ?» አለ ኤሮኒ።

«ውጡና ውጭ ሆናችሁ ተቀየሙኝ!»

አማቷን አዝላ ወጣች። ሌሎቹም እየተደጋገፉ ተከተሏት። ዝናቡ ውስጥ አየር ሲስቡ ራሳቸው ቀለል አላቸው፤ እንዲያም ሆኖ ሁሉንም ጤና ጣቢያ አስኬደቻቸው።

ሞተሩ ከቤቱ ርቆ ዳስ ተሠራለት። ሊቲያና በሽማግሌዎቹ ፊት ዳግም ጎንበስ ብላ ስታልፍ አለቃው «ቀና በይ፣ ልጄ» አሏት። እሷ ግን እንዳጎነበሰች አለፈች፤ ብቻ በሩ ክፍት መሆኑን አየት አደረገች።